ስካነሩ ቀይ ስላበራ አትደንግጡ፦ ስለ ሊኑክስ ፓች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰርቨሩ ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤች 9.2 ነው፤ 9.8 ከወጣ ቆይቷል፤ በአስቸኳይ ይስተካከል።» ኦፕንኤስኤስኤች ከሩቅ ሆነን ሰርቨር ውስጥ የምንገባበት ፕሮግራም ነው፤ ይህች ማሳሰቢያ ከአንዱ የኦዲት ሪፖርት ወደ ሌላው ስትገለበጥ ማየት ሰልችቶኛል። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም። ስካነሩ፣ ማለትም ክፍተት ፈላጊው ፕሮግራም፣ የስሪቱን ቁጥር አነበበ፣ እነሱ ስካነሩን አነበቡ።

ከሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን የተረጋጋ እትም ካወጣ በኋላ፣ እንደ ፋየርፎክስ ካሉ ጥቂቶች በቀር፣ የፓኬጆቹን ስሪት አይቀይርም። ክፍተት ሲገኝ የደህንነት ቡድኑ ቀዳዳውን የሚደፍኑትን መስመሮች ብቻ ከአዲሱ ኮድ ነቅሶ አሮጌው ላይ ያስገባል። ባክፖርት ማለት ይኸው ነው። ምክንያትም አለው፤ አዲስ ስሪት ፓች (ቀዳዳ መድፈኛ) ብቻ ይዞ አይመጣም። ኦፕንኤስኤስኤች 8.8 በኤስኤችኤ-1 የሚፈረመውን የአርኤስኤ ፊርማ በነባሪ ሲዘጋ አሮጌ ራውተሩ ውስጥ መግባት ያቃተው ስንቱ ነው!

በጁላይ 2024 (ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የደህንነት ኩባንያው ኳሊስ ሲቪኢ-2024-6387 የተባለውን የኦፕንኤስኤስኤች ክፍተት ይፋ አደረገ (ሲቪኢ ለየክፍተቱ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)። በ2006 ተደፍኖ የነበረ ቀዳዳ ከ8.5 ጀምሮ ተመልሶ ተከፍቶ ኖሯል። የኦፕንኤስኤስኤች ሰዎች 9.8ን አወጡ፤ ዴቢያን 12 ደግሞ በዚያው ቀን ያንኑ ፓች 9.2 ላይ አስገባ። የፓኬጁ ስም መጨረሻ «ዴብ12ዩ2» የነበረው «ዴብ12ዩ3» ሆነ፤ በቃ። ሰርቨሩ ሲጠራ በሚመልሳት መስመር ላይ ይህች ጭራ ተጽፋ ትታያለች፤ ስካነሩ እስከ መጨረሻው አያነባትም እንጂ። ሌላው ስርጭት ኡቡንቱ 20.04ማ 8.2 ላይ ስለነበረ ክፍተቱ ጭራሹኑ አልነካውም።

አንድ ደንበኛችን ዘንድ ያለ ጎበዝ ልጅ በሪፖርቱ ተጨንቆ 9.8ን ከሶርስ (ከምንጭ ኮዱ) ራሱ ኮምፓይል አድርጎ ጫነው። ስካነሩ አረንጓዴ ሆነ፣ አለቃው አመሰገነው። በፌብሩዋሪ 2025 ሰርቨሩን በሜሞሪና በሲፒዩ የሚያጨናንቅ ሌላ ክፍተት ወጣ፤ የሚነካው ከ9.5 እስከ 9.9 ያሉትን ነው። የዴቢያኑ 9.2 የለበትም፤ የልጁ 9.8 ግን አለበት። ያውም በእጅ የተጫነ ስለሆነ የዴቢያን ፓኬጅ ጫኚው አፕት አያውቀውም፤ ራሱ ካላስታወሰ የሚያድስለት የለም። እባካችሁ ሪፖርት ሲመጣ መጀመሪያ «አፕት ቼንጅሎግ ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር» ብላችሁ የለውጥ መዝገቡን አውጡና የሲቪኢውን ቁጥር ፈልጉበት። ሬድ ሃት በተባለው ስርጭት ላይ ከሆናችሁ በፓኬጅ መሣሪያው በአርፒኤም ቼንጅሎጉን አውጡ። ለኦዲተሩም ስካነሩ በአካውንት ገብቶ እንዲያይ ንገሩት።

አዲስ ነገር ሁሉ ደህና ነው ለምትሉ ደግሞ ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አስታውሱ። በማርች 2024 የኋላ በር (ድብቅ መግቢያ) ተቀብሮ የተገኘው በወቅቱ አዲስ በነበሩት በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ ነው። ዴቢያን 12 ላይ 5.4.1 ይዞ የተቀመጠ ሰው ምንም አልሆነም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ሊኑክስ አይጠቃም።» ይጠቃል።

«አፕት አፕዴት ብያለሁ።» እሱ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያድሰው፤ የሚጭነው አፕግሬድ ነው።

«ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ያየዋል።» ተራ ተጠቃሚን ሩት (የሁሉ አዛዥ) የሚያደርገው፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው ፕሮግራም የሱዱ ክፍተት በ2011 ገብቶ የተገኘው በ2021 ነው። ሁሉም የት ነበር?

«ፓቹን ጭኛለሁ፤ አለቀ።» ፋይሉ ዲስክ ላይ ይቀየራል እንጂ ቀድሞ የተነሳው ሰርቪስ አሮጌውን ላይብረሪ ሜሞሪ ላይ እንደያዘ ነው። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት በወጣ ጊዜ የምስጠራ ላይብረሪውን ኦፕንኤስኤስኤልን አድሶ ዌብ ሰርቨሩን ሪስታርት ያላደረገ ሰው ክፍተቱን አልዘጋም። የትኛው ሰርቪስ እንደገና መነሳት እንዳለበት ኒድሪስታርት የተባለው ፕሮግራም ይነግራችኋል። ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ከሆነ፣ ላይቭፓች (ማሽኑ ሳይጠፋ ከርነሉን የሚደፍን) ከሌላችሁ፣ ሪቡት ነው። ሰርቨሬ ሦስት ዓመት ጠፍቶ አያውቅም ብሎ የሚኮራ ሰው የሚኮራው በሦስት ዓመት ከርነል ነው።

«ያም ምንም አፕዴት የለም ይለኛል፤ ስለዚህ ጤነኛ ነው።» ያም በሬድ ሃት ወገን ባሉ ስርጭቶች ላይ የአፕት አቻ ነው። ይህን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ወገን በሆነው በሴንትኦኤስ 7 ላይ ያሉ ናቸው። ድጋፉ በጁን 30 ቀን 2024 አብቅቶ ሚረሩ (ፓኬጅ የሚያወርዱበት ሰርቨር) ሲዘጋባቸው ወደ ቮልት አዙረው ይጠቀማሉ። ቮልት መዝገብ ቤት ነው፤ አዲስ ነገር አይገባበትም። ባክአፕ ያዙና ኤሌቬት በተባለው የአልማሊኑክስ ማሻገሪያ መሣሪያ፣ መጀመሪያ በሙከራ ማሽን ላይ፣ ወደ አልማሊኑክስ 8 ውጡ።