ውዝፍ የልጅ ቀለብ

ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች በፍርድ ወይም ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ከወሰኑት የልጅ ማሳደጊያ ውስጥ ጊዜው ደርሶ ሳይከፈል የተጠራቀመው ገንዘብ ውዝፍ ቀለብ ይባላል። ገንዘቡን የሚቀበለው ልጁን የያዘው ወላጅ ቢሆንም ቀለቡ የልጁ ነው። «ልጄን እንዳላይ ተከልክያለሁና አልከፍልም» የሚለው ክርክር በብዙ አገሮች ሕግ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ውዝፍ ሁልጊዜ ከእምቢተኝነት አይመጣም። ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ከፋይ «ሲያልፍልኝ እከፍላለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ውሳኔው ግን በቀድሞው ደመወዝ ልክ መቁጠሩን አያቆምም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የብራድሌይ ማሻሻያ ጊዜው የደረሰን ክፍያ እንደ ፍርድ ይቆጥረዋል፤ ዳኛ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንሰው አይችልም። ቅነሳው የሚታሰበው ቢርቅ ጥያቄው ለሌላው ወገን ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ነው። እንዲህ ባለ ሕግ ፊት ገቢው የቀነሰ ሰው የአንድ ወር ዝምታ እንኳ ያስከፍለዋል።

ወላጆቹ ስለ ውዝፉ ሲስማሙ ከሁሉ የሚከብደው ሒሳቡ ነው። ከፋዩ የገዛውን ጫማና ደብተር ቀለብ ይለዋል፤ ተቀባዩ ስጦታ። ውሳኔው በገንዘብ ይከፈል ካለ በዓይነት የተሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አይቀናነስም፤ እጅ በእጅ ያለ ደረሰኝ የተሰጠውም ለማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ ወር በወር የሚገባውንና የተከፈለውን በባንክ ማስረጃ አስደግፎ ማስፈር ይቀድማል። ከዚያ የያዝነው ወር ቀለብ ሳይጓደል በላዩ ለውዝፉ የሚችሉትን ያህል መጨመር ይበጃል፤ ልጁ ዛሬም ይበላልና። ስምምነቱ ተጽፎ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ግን ለአፈጻጸም ያዳግታል።

ዕዳውን ምሮ መተው ሁልጊዜ በተቀባዩ እጅ አይደለም። በጀርመን መንግሥት ለልጁ ቀለቡን በቅድሚያ ከሰጠ የጠያቂነቱ መብት በከፈለው መጠን ወደ እርሱ ይዞራል፤ ያንን እናትም ሆነች አባት ልትተወው ወይም ሊተወው አይችልም።

ስምምነት ሲጠፋ ከደመወዝ መቁረጥና የባንክ ሒሳብ ማገድ ይከተላሉ። አሜሪካ ከ2,500 ዶላር በላይ ለተወዘፈበት ወላጅ ፓስፖርት ትከለክላለች። እስርም አለ፤ ከፋዩን ከሥራው ስለሚነጥል ግን ልጁንም ይጎዳል፣ የመጨረሻው አማራጭ መሆን ይገባዋል።

ከፋዩ ድንበር ከተሻገረ ቀለብን ከአገር አገር ለማስከፈል የተደረገው እ.ኤ.አ. የ2007 የሄግ ስምምነት ፈራሚ አገሮች በማዕከላዊ ባለሥልጣኖቻቸው በኩል ያስከፍላሉ። የሁለቱ አገሮች የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ዕዳው በሕግ ሊጠየቅ የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ ቢለያይ ለውዝፉ የሚሠራው ረጅሙ ነው።