«ከዜሮ ተነሳ» የምንላቸው የወሎ ነጋዴዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዛችሁ ብትቀመጡ አንዱ ጣቱን ወደ ፎቅ መቀሰሩ አይቀርም። «ያ ሕንፃ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰውየው ልጅ ሳለ ቆሎ ይሸጥ ነበር።» ወሬው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ ከቆሎው እስከ ፎቁ ያለው መሀሉ ተዘልሎ መነገሩ ነው። ዛሬ ሱቅ በደረቴ ይዞ ለሚዞር ልጅ የሚጠቅመው ግን ያ የተዘለለው መሀል ነው።

«ባዶ እጁን መጣ፣ ብቻውን ራሱን ሠራ»

ባዶ እጁን መምጣቱ ልክ ነው። ብቻውን የሚለው ነው ውሸቱ።

ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ልጁ ከወረኢሉ ወይም ከተንታ ገጠር ይመጣል። አጎቱ ወይም የአገሩ ሰው ሱቅ ይገባል። ይጠርጋል፣ ጣቃ ይሸከማል፣ ሻይ ያመላልሳል። ክፍያው ኢምንት ነው፤ አንዳንዴ እህል ውሃና መኝታ ብቻ። (ይህን «ልጁን አስተማርኩት» እያሉ የሚኮሩበት አሉ። ጉልበት ብዝበዛም ነው፣ እንነጋገር ከተባለ።) ልጁ በዚያ መሀል ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት እንደሚገባ፣ የትኛው ደንበኛ ዱቤ እንደሚክድ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን ጅምላ አከፋፋዮቹ እሱን ያውቁታል። ብር ተልኮ ሳይጎድል ያደረሰ ልጅ መሆኑን አይተዋል።

አንድ ቀን «የራሴን ልሞክር» ሲል ከአከፋፋዮቹ አንዱ «ውሰድና ሽጠህ አምጣ» ይለዋል። የ30,000 ብር ዕቃ በሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይወስዳል እንበል። 33,000 ከሸጠው 30,000ውን መልሶ 3,000 ይቀረዋል፤ የትራንስፖርቱና የሌላው ወጪ ከዚያው ይቀነሳል። የራሱን አንድ ብር አላወጣም። እንዲህ ያለ ብድር፣ ያለ መያዣና ያለ ወለድ፣ ለአንድ ጎረምሳ የሚሰጥ ባንክ የለም። ቀጠሮውን ካከበረ ቀጣዩ ዕቃ ይበዛለታል። ካላከበረ ደግሞ ወሬው እሱን ቀድሞ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ይሰማል።

እንግዲህ መነሻ ካፒታሉ ይሄ ነው። አባትየው በሬ ሸጦ ለልጁ ብር አስይዞ ከተማ ሲልከው፣ ልጁ ማንም የማያውቀው ከሆነ፣ ብሩ ጉሊት ላይ ያልቃል። እኔን ብትጠይቁኝ ብሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሁለት ዓመት የሰው ሱቅ መግባቱ ይበልጣል።

«ዕቁብ ያስቆጥባል፣ ካፒታል ያመጣል»

ግማሹ ልክ ነው። ሃያ ሰው በሳምንት አንድ ሺህ ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 20,000 ያነሳል። ትርፍ ግን አልተፈጠረም፤ የራሳችሁ ብር ነው በዙር የሚመጣው።

ልዩነቱ ተራው ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው አንድ ሺህ ብቻ ጥሎ ሃያ ሺህ ይዟል። 19,000ው ያለ ወለድ የተሰጠው ብድር ነው። መጨረሻ ላይ የደረሰው ደግሞ ለሌሎቹ ሲያበድር ከርሞ የራሱን ብር መልሶ አገኘ። በመካከል የዕቃ ዋጋ ከጨመረ፣ 20,000ው መጀመሪያ ላይ ይገዛ የነበረውን አይገዛለትም። ለዚህ ነው ነገር የገባው ነጋዴ ገንዘቡን ለማዞር ሲፈልግ ቀደም ያለ ተራ ከባለዕጣው የሚገዛው። ዳኛውም ዋስ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው፤ በልቶ የሚጠፋው ቀድሞ የደረሰው ነውና።

«ወለድ ስለማንነካ ባንክ ለእኛ አይሆንም»

ይህ በወሎ ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ከባንክ አርቆ ያቆየ ሐሳብ ነው፤ መሠረትም ነበረው። አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ መመሪያ አወጣ። በ2021 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። በተለመደው ሙራባሃ ባንኩ ብር አያበድራችሁም። ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በጊዜ ለሚከፈል ዋጋ ይሸጥላችኋል።

ከወለድ ነፃ ነው ማለት ግን ርካሽ ነው ማለት አይደለም። የባንኩ ትርፍ ከአከፋፋይ ዱቤ ጋር ሲተያይ ውድ ሊሆን ይችላል፤ መያዣም ይጠየቃል። መያዣ ለሌለው አብቁተ፣ ማለትም ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሰዎች እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ በቡድን የሚበደሩበትን መንገድ ለዓመታት አሠርቷል። እዚያም ቢሆን የሚያስበድረው የጎረቤት አመኔታ ነው።

«ሀብት ያለው ዓረብ አገር ነው»

ሁሌም የሚጠቀሱት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። ወልድያ በስማቸው የሚጠራ ስታዲየም አለ፤ ሸራተን አዲስም የእሳቸው ነው። እሳቸው ግን ሳዑዲ የገቡት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ የሳዑዲ ዜግነት አላቸው፣ ሀብታቸውም የመጣው ከትልልቅ የግንባታና የነዳጅ ሥራዎች ነው። ዛሬ ከሐይቅ ወይም ከቃሉ የምትሄደው ልጅ የምትገባው በሰው ቤት፣ በካፊል (ባስመጣት ቀጣሪዋ) ሥር ነው። የራሷን ንግድ ልክፈት ብትል ሕጉ አያስኬዳትም። ሠርታ የምትልከው ብር ቤተሰብ ያቆማል፣ ቤት ያሠራል፤ ይህን ማናናቅ አይገባም። የአል አሙዲ መንገድ ነው ማለት ግን ልጅቷን ማታለል ነው።

«ችግር ያጠነክራል፤ የድሃ ልጅ ጎበዝ ነጋዴ ይወጣዋል»

የምናየው የወጣላቸውን ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ችግር ምን እንደሚያደርግ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ችግር ከትምህርት ያስወጣል፣ ያፈናቅላል፣ ይገድላል።

የተነሳ ሰውም ቢሆን እንደተነሳ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ሱቅ ተዘረፈ። በዱቤ የወሰደው ዕቃ የተዘረፈበት ነጋዴ ዕዳው አልተዘረፈለትም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰነፍ ነው፣ ወደቀ» ማለት ነውር ነው።

«ሱቁ ሞልቷል፣ አትርፏል ማለት ነው»

የሞላው መደርደሪያ የአከፋፋዩ ሊሆን ይችላል። ልጅነቱን በእጦት ያሳለፈ ሰው ደግሞ እጁ ላይ ብር ሲያይ ሁሉም የራሱ ይመስለዋል። የእናት ሕክምና፣ የእህት ሠርግ፣ የአገር ልጅ ለቅሶ፣ ሁሉም ከመሳቢያው ይወጣል። እንቢ ሲል «ሲያገኝ ረሳን» ይባላል። ዘመዶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሽያጩንና ትርፉን የሚለይላቸው የለም፤ እሱም ራሱ አይለይም። ዋናውን እየበላ እንደሆነ የሚያውቀው አከፋፋዩ ሲደውል ነው።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ ቆጠራ። የሚገርመኝ ለብዙ ሙስሊም ወሎዬ ነጋዴ ይህ በሃይማኖቱ መኖሩ ነው። ዘካ (የሙስሊም ግዴታ የሆነውን ምጽዋት) በትክክል የሚያወጣ ሰው በዓመት አንዴ ዕቃውን በወቅቱ ዋጋ ይተምናል፣ ጥሬ ገንዘቡንና ሊሰበሰብ የሚችለውን ዱቤ ይደምራል፣ መክፈያው የደረሰ ዕዳውን ይቀንሳል፣ ከተረፈው 2.5 በመቶ ያወጣል። ብዙው ግን በግምት ሰጥቶ ያልፋል። በትክክል የሠራው ያን ቀን የራሱ የሆነው ስንት እንደሆነ ያውቃል። ለዘመድ በወር ስንት እንደሚቆርጥም ከዚያ ተነስቶ ይወስናል፤ ክርስቲያኑም ይህን ቆጠራ ከመስቀል በኋላ ቢያደርገው ማንም አይከለክለውም።