ቁርጥራጩ ከመፈጠሩ በፊት፦ የብረታ ብረት ብክነትን ከምንጩ መቀነስ

የብረታ ብረት ብክነትን ከምንጩ መቀነስ ማለት ቁርጥራጭ፣ ልጣጭ (ማሽን ከብረቱ ላይ ፍቆ የሚያወጣው) እና የተበላሸ ዕቃ ገና ሳይፈጠር ማስቀረት ነው። ከተፈጠረ በኋላ ሰብስቦ ማቅለጥ ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ ሪሳይክሊንግ ይባላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል፤ ሕግ ግን ይለያቸዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው የብክለት መከላከል ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2008 የቆሻሻ አያያዝ መመሪያው ማስቀረትን ከሪሳይክሊንግ አስቀድመዋል።

«ብረት እኮ ተመልሶ ይቀልጣል፣ ታዲያ ምን ጠፋ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ብዙ ነገር ጠፍቷል። ያ ቁርጥራጭ ከማዕድን ወጥቶ፣ ቀልጦና ተዳምጦ ላሜራ እስኪሆን ድረስ ብዙ ኃይል በልቷል። የተገዛው በላሜራ ዋጋ ነው፤ የሚሸጠው በቁርጥራጭ ዋጋ ነው። አሉሚኒየምን ከቁርጥራጭ ማቅለጥ ከማዕድን ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይፈልጋል። ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ጭራሽ ቁርጥራጭ ያልሆነው አሉሚኒየም ግን ያንን 5 በመቶም አይጠይቅም። በዚያ ላይ ቀጭን ልጣጭ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይቀራል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከሚቀልጠው አረብ ብረት 26 በመቶው፣ ከሚቀልጠው አሉሚኒየም ደግሞ 41 በመቶው ያለቀለት ዕቃ ውስጥ እንደማይገባ አስልተዋል። በየፋብሪካው ደጃፍ ለሚከመረው ቁርጥራጭ ግድ የሚሰጠኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ምንጩን ፍለጋ ሲኬድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረሰው ንድፉ ላይ ነው። ከላሜራ ክብ ክብ ዕቃ እየቆረጡ የሚያወጡ ሰዎችን እናስብ። ክቦቹ እንደ ቼዝ ሰሌዳ በቀጥታ ረድፍ ከተደረደሩ፣ እርስ በርስ ቢነካኩ እንኳ ከላሜራው ጥቅም ላይ የሚውለው ቢበዛ 78.5 በመቶ ነው። ረድፉን በግማሽ ክብ አዛንፈው እያንዳንዱን ክብ ከላዩ ባሉት ሁለት ክቦች መካከል ቢያስገቡት፣ በሰፊ ላሜራ ላይ ወደ 90.7 በመቶ ይጠጋል። ማሽኑ ያው ነው። ብረቱም ያው ነው። የተለወጠው አደራደሩ ብቻ ነው። የመጠጥ ጣሳ ፋብሪካዎች ክቦቻቸውን በተዛነፈ ረድፍ የሚቆርጡት ለዚህ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ዕቃ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አንድ የመቁረጫ መስመር ሊጋራ ይችላል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ከዕቃው ወጣ ያለች አንዲት ጆሮ መሳይ ጫፍ ትንሽ ቢያሳጥር፣ በአንድ ላሜራ ላይ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ሊገባ ይችላል።

ይህ ጥያቄ የሒሳብ ሰዎችንም ስቧል። የሶቪየቱ ሊቅ ሌዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው የምርት ዕቅድ ሥራው ውስጥ ጥሬ ዕቃን በትንሹ ብክነት መቁረጥ አንዱ ርዕስ ነበር። በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሌላ ምሁር ጋር ተጋርቷል። ጊልሞርና ጎሞሪ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1961 ለትልልቅ የመቁረጥ ችግሮች የሚሆን የስሌት ዘዴ አሳተሙ። ዛሬ ዕቃዎችን ላሜራ ላይ የሚደረድር ሶፍትዌር ይህን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሳል። የመቁረጫው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ቀጭን ላሜራ ላይ ሌዘር የሚበላው መስመር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ፕላዝማ ከዚያ የሰፋ ይበላል። የተረፈው ቁራጭም መጠኑና የብረቱ ዓይነት ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ለሌላ ሥራ ይውላል። ካልተጻፈበት ግን ማንም አያምነውም፤ መጨረሻው የቁርጥራጭ ክምር ነው።

በቀረጻ ሥራ ምንጩ ሌላ ነው። የቀለጠ ብረት ወደ ሻጋታው የሚገባበት ቦይ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የሚጎድለውን የሚሞላ ትርፍ ብረት (መሙያ) ያስፈልጋል። ሁለቱም በኋላ ተቆርጠው ይጣላሉ። በአረብ ብረት ቀረጻ ከቀለጠው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሙቀት በሚይዝ ሽፋን መሙያውን ቢጠቀልሉት መሙያው ሊያንስ ይችላል፤ አቀዛቀዙንም አስቀድሞ በኮምፒውተር መፈተሽ ይቻላል። እዚህ ግን ልክ አለው። መሙያው ከመጠን በላይ ካነሰ ዕቃው ውስጥ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ጥቂት ኪሎ ለማዳን ሲባል ሙሉው ዕቃ ይጣላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በቶርኖና በሚሊንግ ማሽን የሚሆነው ነው። ለአንዳንድ የአውሮፕላን ክፍሎች 10 ኪሎ ቲታኒየም ተገዝቶ 1 ኪሎ ብቻ አውሮፕላኑ ላይ ይወጣል። የቀረው ልጣጭ ይሆናል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ለመጨረሻው ቅርጽ በቀረበ ጥሬ ዕቃ መነሳት ነው፤ በሻጋታ መቀጥቀጥ፣ በንብርብር ማተም (3ዲ ህትመት) ወይም የብረት ዱቄት ጨምቆ መጋገር ይቻላል። በመጨረሻው ዘዴ ከዱቄቱ ከ95 በመቶ በላይ ዕቃ ይሆናል። ዘዴው የሚያዋጣው ግን ብዙ ተመሳሳይ ትናንሽ ዕቃ ሲመረት ነው፤ ሻጋታው ውድ ነውና።

የማይታይ ብክነትም አለ። ማሽን ለአዲስ ሥራ ሲስተካከል የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ልክ ሳይመጡ ይቀራሉ። ሻጋታና ማቀፊያው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲገጥም ተደርጎ ከተሠራ ይህ ይቀንሳል። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ በፋብሪካ ውስጥ ከዘረዘራቸው ሰባት የብክነት ዓይነቶች ክፉው ከሚፈለገው በላይ ማምረት ነው ይል ነበር። ለብረትም ልክ ነው። ማንም ያላዘዘው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ንድፉ ሲለወጥ፣ አንድም ስህተት ሳይኖርበት ቁርጥራጭ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለማየት መመዘን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይኤስኦ 14051 የተባለው ዓለም አቀፍ የወጪ አሰላል ደረጃ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ ወደ ብክነት የሄደው ብረት የራሱ ወጪ ያለው ምርት ተደርጎ ይሰላል። የገባበት ጉልበት፣ መብራትና የማሽን ሰዓት ሁሉ ይቆጠርበታል። መሬት ላይ ሲወርድ ነገሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሳጥን ይሰጠዋል፤ ሳጥኑ በየፈረቃው ይመዘናል፤ ምክንያቱም ይጻፍበታል። የሁሉም ማሽን ቁርጥራጭ አንድ ገንዳ ውስጥ ከገባ የአሉሚኒየሙ ልጣጭ ከብረቱ ይቀላቀላል፤ ዋጋውም ይወድቃል፤ የትኛው ማሽን ዛሬ ጠዋት መበላሸት እንደጀመረም አይታወቅም።