የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ እንዴት ይወጣል? ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ሐይቅ

የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። በምሥራቅ በኩል ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፍ ይጨመርበታል። ከሐይቁ ተነስቶ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ወይ በፀሐይ ይተናል፣ ወይ ወደ መሬት ይሰርጋል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ደለል፣ ኬሚካል፣ ባዶ ሃይላንድ፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ወንዝ ዳር ያለ ከተማ ቆሻሻውን ወደ ታች ለቆ ሊገላገል ይችላል። ሐዋሳ ግን የምትልክበት ታች የላትም። መንግሥት የሚያወጣው የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ መሬት ሲወርድ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ይህ ሐይቅ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከላይ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲ ሲታቀድም ሆነ ሲፈጸም ሕዝቡ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1989፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኢትዮጵያን የአካባቢ ፖሊሲ አጸደቀ። ሰነዱ አሥር የዘርፍ ጉዳዮችን ይዘረዝራል፤ አፈር፣ ደን፣ ውሃ፣ ኢነርጂ፣ ማዕድን፣ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ እያለ። ሌሎች አሥር ደግሞ ዘርፍ ተሻጋሪ ናቸው። በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ነው። ግን ፖሊሲ ማንንም አይቀጣም። ፍርድ ቤት ቆማችሁ «ፖሊሲው እንዲህ ይላል» ብትሉ ብዙ ርቀት አያስኬዳችሁም። እንዲያስገድድ ወደ አዋጅ መለወጥ አለበት።

አዋጅ መንገዱ ረጅም ነው። ረቂቁን የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። የሕግ ባለሙያዎች ያዩታል። ሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይልከዋል። እዚያ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል፤ ከዚያ እጅ ይወጣለታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል። ከአዋጁ በታች ደንብ አለ፤ እሱን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ከደንቡ በታች መመሪያ አለ፤ እሱን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያወጣል። ዜና የሚሆነው አዋጁ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ታች ያለው ወረቀት ነው። አንድ ፋብሪካ ከቱቦው ጫፍ ሊለቀው የሚችለው ፈሳሽ ምን ያህል አሲድነት፣ ምን ያህል ክሮሚየም ሊኖረው እንደሚችል የሚወስኑት ቁጥሮች አዋጁ ላይ አታገኟቸውም። እውነተኛው ክርክር ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። ታዲያ ስለ ቁጥሮቹ የሚወያየው ሰው ጥቂት ነው።

ለዘርፉ መሠረት የሆኑት ሕጎች በ1995 ዓ.ም. አከታትለው ወጡ። አዋጅ 295 የአካባቢ ጥበቃ አካላትን አቋቋመ፤ አዋጅ 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ግዴታ አደረገ፤ አዋጅ 300 ብክለትን ይቆጣጠራል። ከኋላቸው ማን እንደነበረ መጥቀስ ተገቢ ነው። የያኔውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ። ዘረ መላቸው የተለወጠ ፍጥረታትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን አቋም ይዘው ከኃያላኑ ጋር ሲሟገቱ ስማቸው በዓለም ታወቀ። በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ግን ስሙ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በ1987 ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ። በ2005 ሚኒስቴር ሆነ። ቆይቶ የአየር ንብረት ለውጥ ስሙ ላይ ተጨመረለት። በ2011 ኮሚሽን ሆነ። በ2014 የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ፤ ደኑም ለሌላ ተሰጠ። ታፔላ መቀየሩ ብቻውን ችግር አይደለም። ችግሩ ሠራተኛው ይበተናል፣ ፋይሉ ይንቀሳቀሳል፣ የክልሉ ቢሮም አብሮ ይታጠፋል።

ክልል ካነሳን፣ የሐዋሳ ጉዳይ እዚህ ጋ ይወሳሰባል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል ነው፤ የሚያስተዳድረው ክልል ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆች ግን የፌዴራል ሥልጣን ናቸው። ሐዋሳ ከሰኔ 2012 ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያ በፊት የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። የሐይቁ ተፋሰስ ግን በሲዳማ ብቻ አያልቅም፤ ኦሮሚያም ይጋራዋል። የላይኛው ገበሬ ተዳፋት ካረሰ ደለሉ ወደ ታች ይወርዳል። ጨለለቃን ተመልከቱ። ከሐዋሳ ምሥራቅ ያለ፣ ቀድሞ ሐይቅ የነበረ ቦታ ነው። ዛሬ ረግረግ ነው። ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱ ጅረቶች በዚያ አልፈው ነው ጥቁር ውሃን የሚፈጥሩት። ረግረጉ እንደ ወንፊት ደለሉን ያስቀራል። እሱ ታርሶ ካለቀ ቀጣዩ ተረኛ ዋናው ሐይቅ ነው።

ይህንን ለማስተባበር በ1999 ዓ.ም. አዋጅ 534 የተፋሰስ ምክር ቤትና ባለሥልጣን የሚባል አሠራር አመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውሃ የክልል ወሰን አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያስተዳድረው አካል ወሰኑን በተፋሰሱ ይያዝ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣንም ሐዋሳ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለለ፤ ከዚያም ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። ዓሣውን የሚቆጣጠረው ሌላ ቢሮ ነው፤ ለእሱም አዋጅ 315/1995 አለ። ዳርቻውን የሚያከራየው ሌላ ነው። በአንድ ሐይቅ ላይ ስንት ማኅተም እንዳለ ቆጥሮ መጨረስ ያታክታል።

አሁን አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። አንድ ባለሀብት ሐይቁ ዳር ሎጅ መሥራት ፈለገ እንበል። በአዋጅ 299 መሠረት ተጽዕኖው ሳይገመገም ሥራ መጀመር አይችልም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም የአካባቢ ጥበቃው ይሁንታ ሳይኖር ፈቃድ መስጠት የለበትም። ባለሀብቱ አማካሪ ይቀጥራል። አማካሪው የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ፣ ቄጠማው ተነቅሎ ዓሣው የት እንደሚፈለፈል፣ ጀልባ ያላቸው ወጣቶች የት እንደሚቆሙ ይጽፋል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ የአካባቢው ሰው አስተያየት ይሰማል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል ወይም በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል።

በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ግን አማካሪውን የሚከፍለው ማን ነው? ባለሀብቱ ነው። ደንበኛውን «አይሆንም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ አማካሪ ቀጣይ ሥራ ያገኛል ወይ? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ። ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። ባለሥልጣኑ በ2001 እና 2002 ዓ.ም. አካባቢ የግምገማውን ሥልጣን ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ማዕድን የሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት የማዕድን ፕሮጀክት ይገመግማል ማለት ነው። ተጫዋቹን ዳኛ ማድረግ በየትም አገር አላዋጣም።

ሐዋሳ ውስጥ በጣም የሚወራለት የአካባቢ ውሳኔ ግን ከአዋጅ ሳይሆን ከግንባታ ንድፍ የመጣ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። የቻይናው ሲሲኢሲሲ ነው የገነባው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው የፈጀው። ልብስና ጨርቃ ጨርቅ የሚያመርት ፓርክ መውጫ ከሌለው ሐይቅ አጠገብ መትከል ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። ጨርቅ ማቅለም ብዙ ውሃ፣ ብዙ ጨውና ብዙ ኬሚካል ይፈልጋል። መልሱ «ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ» የተባለው አሠራር ሆነ። ምንም ፍሳሽ ከግቢ አይወጣም ማለት ነው። ውሃው መጀመሪያ በባክቴሪያ ይጣራል፤ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት በስስ ማጣሪያዎች ውስጥ ያልፋል። ንጹሑ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። የቀረው ጨዋማ ውሃ በሙቀት ይተናል፤ መጨረሻ ላይ ጨውና አተላ ይቀራል።

ከመንግሥት ቃል በተጨማሪ ገዢዎቹም ገፍተዋል። ለአሜሪካና ለአውሮፓ የሚሸጡ ትልልቅ ብራንዶች «ልብሳችሁ ሐይቅ አጠፋ» መባል አይፈልጉም። ልብ በሉ፤ አሠራሩ ነፃ አይደለም። ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ማጣሪያው ይቀየራል፣ የቀረው ጨው ደህና ማስወገጃ ይፈልጋል። ደግሞ ወጪውን የሚጋሩት በፓርኩ ያሉ ፋብሪካዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመሸጥ ዕድል፣ ስትወጣ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ከፓርኩ ሲለቅ፣ የንግድ ውሳኔ የአካባቢ ጥበቃ ውሳኔን እንዴት እንደሚነካ መገመት አያዳግትም። ለኔ ግን አሁንም ይህ ከብዙ አዋጅ ይበልጣል። ቱቦው ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ሆኖ ከተሠራ ማታ ማታ የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ አያስፈልግም። በተቃራኒው ከፓርኩ በፊት ለነበሩት ፋብሪካዎች በኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ 159 ደረጃው ኋላ መጣባቸው። ነባሩን ማስተካከል ምንጊዜም ከአዲሱ ይከብዳል።

ጨርቁ ሌላም ሕግ ነክቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ 655 ዘረ መሉ የተለወጠ ዘር እንዳይገባ በጣም ጥብቅ አጥር ነበር። በ2007 በአዋጅ 896 ተሻሽሎ ላላ። ዋናው ምክንያት ጥጥ ነበር፤ ለጨርቃ ጨርቁ ኢንዱስትሪ በቂ ጥጥ ያስፈልጋል ተባለ። ትል የሚቋቋመው ቢቲ ጥጥም ቆይቶ ተፈቀደ። ደግ ነው ክፉ ነው የሚለውን እንለፈው። የአካባቢ ሕግ የተለወጠው ግን በኢንዱስትሪ ፖሊሲ ግፊት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ አዋጅ እስኪወጣ አይጠብቅም። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ተጀመረ፤ በሐምሌ ወር በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተባለ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ለዚህ ከጭሱ በላይ የነዳጅ መግዣ ዶላር ነበር ያሳሰበው።

ፌስታል ግን ጥሩ ትምህርት ነው። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። አሮጌው ገበያ ድንች የምትሸጥ እናት ስስና ወፍራሙን በምን ትለካ? ተቆጣጣሪውስ? ሕጉ ነበር፤ ፌስታሉም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ አንዴ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል ጭራሽ ከለከለ። ቢያንስ ይሄኛው መለኪያ አይፈልግም።

ከተማው ጋ ስንወርድ ነገሩ ሁሉ ወደ ትንሽ ነገር ይለወጣል። የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ የሆነውን አሞራ ገደልን ጠዋት ሄዳችሁ እዩ። ጀልባ ይደርሳል፤ ቆሮሶው ተራግፎ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላው ቆሞ ይጠብቃል። አንጀቱና ቆዳው ይወረወራል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻማሉ። የዓሣው ቆሻሻ ሐይቅ ውስጥ ይጣል ወይስ በበርሜል ይሰብሰብ የሚለው ጥያቄ ፓርላማ አይደርስም። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበርና ማዘጋጃ ቤቱ ናቸው የሚጨርሱት። ከሐይቁ ዳር መኪናና ባጃጅ ማጠብም፣ ከቤት ወደ ቤት ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ማኅበራት ክፍያው ስንት ይሁን የሚለውም እንደዚያው ነው። እዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው የሕግ አንቀጽ አይደለም። በርሜል፣ መኪና፣ ነዳጅና የናሙና ጠርሙስ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐይቁን ለዓመታት ሲለኩ ኖረዋል። ልኬቱ ግን ቅጣት የሚሆነው መሥሪያ ቤቱ ራሱ በየጊዜው ናሙና ሲወስድ፣ ለዚያም በጀት ሲያዝ ነው።

ነዋሪው ምን ያደርጋል? በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 መሠረት አቤቱታ ለማቅረብ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካኛል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ቤታችሁ ጥቁር ውሃ አጠገብ ባይሆንም፣ ዓሣ ባትበሉም ትችላላችሁ። አቤቱታው ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይገባል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም የተሰጠው ውሳኔ ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ስታስገቡ በመዝገብ ቤት በኩል አድርጉት፤ ቀኑና ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒም ይዛችሁ ውጡ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።