ደራሽ ውሃ ምንድን ነው?

ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ልጆች ከድልድዩ ሥር ይዋኛሉ፣ ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ድንጋይ ላይ ያሰጣሉ፣ አንዱ መንጠቆውን ጥሎ ቁጭ ብሏል። በዚህ መሃል ከላይ በኩል አንድ እረኛ «ደራሽ! ደራሽ መጣ!» እያለ ይጮኻል። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ልብሱን ልሰብስብ አይልም፤ ወደ ዳገቱ ይሮጣል። እንግዳው ግን ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ስህተቱም እዚያ ላይ ነው።

ደራሽ ማለት ከወንዙ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን በራቀ ቦታ በወረደ ኃይለኛ ዝናብ ምክንያት፣ ከታች ያለው ሰው ሳያስበው በደቂቃዎች ውስጥ ከተፍ የሚል ሙላት ነው። ቃሉ «ደረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የተቸገረን ሰው ሊረዳ የሚመጣውንም ደራሽ እንለዋለን፤ «ደራሽ አጣ» ይባል የለ? አንዱ ተጠርቶ ይዘገያል፣ ሌላው ሳይጠራ ይመጣል።

ዜና ላይ «ድንገተኛ ጎርፍ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ሆኖም ሙላት ሁሉ ደራሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ አፋር ላይ ከዳርቻው ወጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ያ ሰፊ አገር የሚያጠጣ ትልቅ ወንዝ የሚያመጣው ሙላት ነው፤ እንዲህ ያለው ውሃ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ደራሽ ግን በተለይ የትንንሾቹ ወንዞች ጠባይ ነው። ተራራው ቀጥ ያለ፣ አፈሩ የተራቆተ፣ ሸለቆው ጠባብ ሲሆን ዶፉ ወደ መሬት የሚሰርግበት ጊዜ አያገኝም። ከየጎኑ ተንደርድሮ አንድ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ደለሉን፣ ጭራሮውን፣ አንዳንዴም ግንድና ቋጥኝ እየጠረገ ይወርዳል።

ለዚህ ከድሬዳዋው ደቻቱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ነው። የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ ይለያል እንጂ ሰው እንደ መንገድ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወንዝ ነው ብሎ የሚያስበው ሰው ስንት ይሆን? ነገር ግን ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች አሉ፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የዘነበው ወደዚህ አሸዋ ነው የሚወርደው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ደረቅ ወንዝ ከሚፈሰው ይልቅ የሚያዘናጋው ለዚህ ነው፤ የሚፈሰው ቢያንስ ሲጨምር ይታያል።

ታዲያ ወንዝን ለመዋኘት፣ ለማጥመድ ወይም ለመሻገር ስትመዝኑ የመጀመሪያው ጥያቄ «ላይ ቤት ምን ውሏል?» የሚል ነው። ከራስጌ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል? ነጎድጓድ ይሰማል? ከዚያ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ ወይም ላይ ላለ ዘመድ አንድ ስልክ መደወል ስንት ነገር ያተርፋል። ስሌቱም ከባድ አይደለም። ዝናቡ ከእናንተ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢወርድና ውሃው በሴኮንድ 3 ሜትር ቢጓዝ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አጠገባችሁ ነው። ዝናቡን ሳታዩት ልብስ አጥባችሁ ሳትጨርሱ ማለት ነው።

ወንዙ ራሱም ይናገራል። ጥሩ የነበረው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ፣ ቡናማ አረፋም እየተንሳፈፈ ይመጣል። ቅድም ከውሃው በላይ የነበረው ድንጋይ ይሰወራል። ቀጥሎ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ ነው። ድምፁ ከተሰማ መመርመሪያ ጊዜ የለም። ወደ ታች እየሮጡ ውሃውን ለመቅደም መሞከርም ሞኝነት ነው፤ መውጫው ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር አሣ የሚበዛውም በዚሁ የዝናብ ወራት መሆኑ ነው። ጣና ላይ ነጭ አሣ የሚባለው በክረምትና በክረምቱ መውጫ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብን ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ አምባዛም ውሃ ሲሞላ ወደ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይጠጋል። አጥማጁ ይህን ስለሚያውቅ መረቡን ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ይጥላል። በዚያ ሰሞን እንቁላል የያዘ አሣ ማጥመዱ ለነገ ዘር አለማስተረፍ ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው። ሐይቁ መሃል ደራሽ የለም፣ በምትኩ ነፋስ አለ። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይናወጣል፤ የደንገል ታንኳ ይዞ መሃል መግባት ያኔ አያዋጣም።

ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ነው ብሎ የሚገባ ሰው አለ። የውሃውን ኃይል የሚወስነው ግን ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል፣ 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ውሃው ይዞት የሄደ ሰው ለመቆም ከመታገል በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደሚፈስበት አቅጣጫ ቀድሞ፣ ቀስ እያለ ወደ ዳር ቢያዘነብል ይሻለዋል፤ መሃል ላይ ለመቆም ከሞከረ እግሩ ድንጋይ መሃል ሊቀረቀር ይችላል።

እንደ አመጣጡ ሁሉ ደራሽ አካሄዱም ፈጣን ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የድሮ መንገደኛ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ስንቁን እየበላ የሚጠብቀው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ውሃው በደረሰበት ልክ ዱላ ይተክላል ወይም ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ምልክቱ ከውሃው እየራቀ ከሄደ መጉደል ጀምሯል። ያኔም ቢሆን ዘሎ አይገባም። ትናንት የቆመበት አሸዋ ዛሬ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፣ ልጆች ከዓለቱ ላይ በጭንቅላታቸው የሚዘሉበት ኩሬም ግንድ ውጦ አድሮ ይሆናል። ደግሞም ከላይ የሚገናኙት ገባር ወንዞች ርቀታቸው እኩል አይደለም። የቅርቡ ውሃ አልፎ ሰው «በቃ ጎደለ» ብሎ መሃል ሲገባ፣ የሩቁ ገና መንገድ ላይ ነው።