ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ምንድን ነው? መጨረሻውን መደበቅ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ አስተያየት ሰጪ በአንድ የሽብርና የስልጣን ትሪለር (ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ) ላይ እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ «ገዳዩን ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ከነስሙ ነግሮን ምኑ ነው ልብ የሚያንጠለጥለው?» እዚህ ድሬ ከዚራ ዛፍ ስር ቡና ሲጠጣም የሚባለው ይኸው ነው። ሥራዬ የልቦለድ ረቂቅ ማረም ስለሆነ ጣጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ጀማሪ ደራሲ ይህን ይሰማና ገዳዩን «ጥቁር ኮት የለበሰው ሰው» በሚል ሸፍኖ 300 ገጽ ይጽፋል። እኔ ገጽ 60 ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ወንጀሉ ተፈጽሞ «ማን ገደለ?» እያልን ወደ ኋላ የምንሄድበት መጽሐፍ የምርመራ ልቦለድ ነው። ደስ የሚል ዓይነት ነው፣ ሌላ ነገር ግን ነው። ትሪለር ፊቱን ወደ ፊት ያዞራል። ነገሩ ገና አልሆነም። እየመጣ ነው።

የድሬዳዋውን ወንዝ ደቻቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። የድሬ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል፣ ዶፍ ይወርዳል። ውሃው ታች የሚደርሰው ቆይቶ ነው። እንግዲህ ሦስት ደራሲዎች አስቡ። አንደኛው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ጭቃውን እየመረመረ «ከየት መጣ?» ይላል። ሁለተኛው ነጋዴው ሸራውን ዘርግቶ ሳለ ጎርፉን ድንገት ይለቅበታል። አንባቢ ይደነግጣል፣ ለአንድ ገጽ። ሦስተኛው አንባቢውን ደንገጎ ላይ ያቆመዋል። ዝናቡ ሲወርድ ያሳየዋል። ከዚያ ታች አሸዋው ላይ ያለውን ነጋዴ ያሳየዋል፤ ሸቀጡን እየደረደረ፣ ከደንበኛ ጋር በአስር ብር እየተከራከረ። የአስር ብር ክርክር በሌላ ቀን ማንም አያነበውም። ውሃው መንገድ ላይ መሆኑን ለሚያውቅ ግን እያንዳንዱ ቃል ያቁነጠንጣል። ልብ የሚያንጠለጥለው ይህ ነው፦ እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም፣ ደቂቃው ይሄዳል።

ትንሽ ልጎትተው። ላይ ያለው ሰው ዝናቡን አይቶ ይደውላል። ስልኩን ያነሳው ሹም «በጽሑፍ አምጣ» ይላል። ጽሑፉ ይመጣል፣ ፊርማ ይጠብቃል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ሹም ደግሞ ውሃው የባላንጣውን ሰፈር እንደሚጠርግ አስልቶ ዝም ይላል። ትሪለሩ ፖለቲካዊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ ሽጉጥና ባንዲራ ስለተሣለ አይደለም። (የ1998ቱን የጎርፍ ክረምት ያየ የድሬ ሰው ይህን ምሳሌ እንደ ጨዋታ አይሰማውም። እኔም እንደ ጨዋታ አላነሳሁትም።)

የአስተያየት ሰጪውን ክርክር ከእሱ በፊት ያነሱት አሳታሚዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ፍሬድሪክ ፎርሳይዝ «የጃካል ቀን» የተባለ ልቦለዱን ይዞ ሲዞር በተደጋጋሚ መልሰውታል። ታሪኩ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነው። ደ ጎል ደግሞ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ሙከራው እንደሚከሽፍ የታወቀን ታሪክ ማን ይገዛል ነበር ስጋቱ። ደ ጎል በ1970 መጨረሻ ቤታቸው ውስጥ አረፉ፤ መጽሐፉ በ1971 ወጣ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው)። ዓለም ተሻማበት።

ለምን? ደራሲው ገዳዩን አይደብቀንም። ጠመንጃውን ሲያሠራ፣ ሐሰተኛ ፓስፖርት ሲያወጣ አብረነው ነን። ከዚያ ሌላ ክፍል ውስጥ ስሙን እንኳ የማያውቅ መርማሪ ፍለጋ ሲጀምር እናያለን። «ደ ጎል ይሞታሉ ወይ?» የሚል አንባቢ የለም። «ይህን ሰው ምን ሊያስቆመው ነው?» እያለ ነው ገጽ የሚገልጠው።

እኛስ? በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄዱ ጠብቀው መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። መፈንቅለ መንግሥቱ እንደከሸፈ የማያውቅ የለም። ሆኖም ስለዚያ ቀን የተጻፈ ማስታወሻ እጁ የገባ ሰው እራቱን ረስቶ ነው የሚያነበው። ሰዓቱ በስብሰባ ሲያልቅ አንባቢው ያያል።

ምሳሌዬ የሚሰበርበት ቦታ አለ። ጎርፍ ዓላማ የለውም። የሽብር ቡድን አለው፤ አንድ በር ሲዘጋበት ሌላ ይፈልጋል። ደ ጎልን ሊገድሉ የተነሱት አልጄሪያ ከፈረንሳይ እጅ መውጣቷን እንደ ክህደት ያዩ ሰዎች ናቸው። በአውሮፓውያን ነሐሴ 1962 ፓሪስ አጠገብ ፔቲ ክላማር ላይ የደ ጎልን መኪና በጥይት ደበደቡት፤ መሪው ሌተና ኮሎኔል ባስቲያን ቲሪ በተከታዩ ዓመት ተረሸነ። ልቦለዱ የሚነሳው ከዚሁ እውነት ነው። እኔ ረቂቅ ላይ የማገኘው ሽብርተኛ ግን ይስቃል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ ቦምብ ያጠምዳል። ምን ፈልጎ? ከማን? ደራሲውን ስጠይቀው «ክፉ ሰው ነዋ!» ይለኛል። አስተያየት ሰጪያችን መቆጣት ካማረው በዚህ ይቆጣ።

የስለላ ልቦለድስ ይደብቅ የለም ወይ ለምትሉ፣ አዎ፣ አንዳንዴ ይደብቃል። ሰላዩ በገዛ አለቆቹ ሲታለል አንባቢም አብሮት ይታለላል። ያኔም ቢሆን አደጋ መኖሩ ከመነሻው ይታወቃል። የተሸፈነው የማን እጅ እንዳለበት ነው።

አንድ ሁለት ነገር ደግሞ ሳልጠየቅ። ትሪለር የሚሄደው በሰዓት ነው። ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ እኛ አቆጣጠር ካልዞረ ጉድ ይፈላል። ሌሊት 9 ሰዓት ሊፈጸም የታሰበው ጥቃት «3 ሰዓት» ተብሎ ይቀራል፤ ሰፈሩ ሁሉ ዜና እያየ «ከተማው በእንቅልፍ ተውጧል» ይባላል።

የእዝ ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። ሻምበል በአንድ ስልክ ተዋጊ ጄት አያስነሳም። ሌላ ቦታ ይታለፍ ይሆናል። ሐረር ግን የጦር አካዳሚው የነበረበት፣ 3ኛ ክፍለ ጦር የሰፈረበት ከተማ ነው። እዚያ ያለ ጡረተኛ መኮንን እንዲህ ያለ ገጽ ሲያጋጥመው መጽሐፉን ይዘጋና ሻጩን ገንዘቤን መልስ ይላል።