የልጅ ቀለብና የሌሊት ቆጠራ በአውስትራሊያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አገር ቤት ቀለብ የሚቆርጠው ዳኛ ነው ብሎ የለመደ ሰው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከትዳር አጋሩ ሲለያይ ብዙ ነገር ይምታታበታል። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ቀለቡን የሚያሰላው ሰርቪስስ አውስትራሊያ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሚጠቀምበትም ከጁላይ 2008 ጀምሮ የሚሠራበትን ቀመር ነው።

«ልጆቹን እኩል ከያዝን ማንም ለማንም አይከፍልም።»

በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከእያንዳንዱ ወላጅ ገቢ ላይ ለራሱ መተዳደሪያ የተወሰነውን መጠን ቀንሶ የቀረውን ይደምርና ከድምሩ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በመቶኛ ያወጣል። ልጁ በየቤቱ የሚያሳልፈው ጊዜም እንዲሁ ወደ ወጪ ድርሻ ይለወጣል፤ የሚከፈለው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የአባትየው የገቢ ድርሻ 60 በመቶ ቢሆንና ልጁ የዓመቱን ግማሽ እርሱ ዘንድ ቢያድር፣ የወጪውን 50 በመቶ በቤቱ እንደሸፈነ ስለሚታሰብለት ቀሪውን 10 በመቶ ለእናትየው ይከፍላል። የልጁ ወጪ በዓመት 12,000 ዶላር ነው ብንል፣ ይህ 1,200 ዶላር ይሆናል።

«ልጁ አንድ ሌሊት በጨመረ ቁጥር ክፍያው ይቀንሳል።»

ብዙ ጠብ የሚያስነሳው ይህ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ጊዜው በአብዛኛው የሚለካው በሌሊት ነው። በዓመት ከ52 ሌሊት፣ ማለትም ከ14 በመቶ በታች የሆነ ጊዜ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ከዚያ በላይ 52 ሌሊትም ይሁን 127 ሌሊት የሚታሰበው የወጪ ድርሻ አንድ ነው፤ 24 በመቶ። በ128ኛው ሌሊት 35 በመቶ ይሞላና ድርሻው 25 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ 48 በመቶ እስኪደርስ ድረስ በእያንዳንዱ አንድ በመቶ ሁለት ይጨመራል፤ ከ48 እስከ 52 በመቶ ያለው ደግሞ እንደ እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ከላይ ያነሣነው አባት ልጁን 52 ሌሊትም ሆነ 127 ሌሊት ቢያሳድር የሚከፍለው 36 በመቶ ነው፤ 154 ሌሊት ሲደርስ ግን ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። በዚህ መካከል ወላጆች ልጁ የት ቢያድር እንደሚሻለው ሳይሆን ቁጥሩ የት እንደሚቆም ሲከራከሩ ማየት ያሳዝናል።

«የሚቆጠረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጻፈው ነው።»

በመሠረቱ የሚታየው ልጁ በእርግጥ ያለበት ሁኔታ ነው። ሆኖም ትእዛዙ ካልተከበረና ጊዜው የተወሰደበት ወላጅ ለማስከበር ተገቢውን እርምጃ እየወሰደ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ የተጻፈውን ይዞ ሊያሰላ ይችላል።

«ካልከፈለ ልጁን አላሳየውም፤ ካላየሁት አልከፍልም።»

ሁለቱም አያዋጡም። መገናኘትና ቀለብ በሕግ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

«ለውጡን በኋላ ብናገርም ወደ ኋላ ተመልሶ ይታሰብልኛል።»

ልጁ የሚያድርበት ሁኔታ ከተለወጠ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቀኑ ካለፈ፣ ጊዜ የጨመረለት ወላጅ ጭማሪው የሚታሰብለት በአብዛኛው ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ልጁን ለወራት ብቻዋን ስታሳድግ ቆይታ ነገሩ ይሻሻላል እያለች ዝም ያለች እናት፣ የነዚያን ወራት ልዩነት የምታጣው በዚህ ምክንያት ነው።